ሃርድ ዲስክ የሌላቸውን ኮምፒውተሮች ከአንድ ሰርቨር ማስነሳት፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ወደ ዓምዳችን ከደረሱት ደብዳቤዎች መካከል በርከት ያሉት አንድ ጉዳይ የሚያነሱ ሆነው ስላገኘናቸው በዚህ ዕትም አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ጉዳዩ እያንዳንዳቸው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተጫነባቸው ሳይሆኑ፣ ሲስተሙን በኔትወርክ ኬብል ከአንድ ሰርቨር (ለሌሎች ፋይልና አገልግሎት ከሚያቀርብ ኮምፒውተር) እየተቀበሉ ስለሚነሱ ኮምፒውተሮች ነው። የጠያቂዎቻችንን ስም አላወጣንም፤ ደብዳቤዎቹንም አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ በሰሜን ሸዋ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህር ነኝ። በውጭ አገር የሚኖሩ የቀድሞ ተማሪዎቻችን 30 ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ልከውልን ነበር። ከፍተን ስናያቸው ግን አንዳቸውም ሃርድ ዲስክ የላቸውም፤ በመንገድ ሳይሰረቅ አልቀረም ብለን ተጠራጥረናል። ለሁሉም ዲስክ የምንገዛበት በጀት የለንም። አንድ ባለሙያ ያለ ዲስክም በኔትወርክ ሊነሱ ይችላሉ አሉኝ። እውነት ነው? ከሆነስ አሠራሩ እንዴት ነው?

መልስ፦ ባለሙያው የነገሩዎት እውነት ነው። የስርቆቱን ጥርጣሬ በተመለከተ ግን ላኪዎቹን ሳይጠይቁ ማንንም ባይወቅሱ ይሻላል፤ በውጭ አገር ያሉ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን ከመስጠታቸው በፊት የደንበኞቻቸውና የሠራተኞቻቸው መረጃ ወደ ሌላ እጅ እንዳይገባ ዲስኩን ነቅለው ያስቀራሉ ወይም ያጠፋሉ። ዲስክ አልባ ሆነው መምጣታቸው እንግዳ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ አሠራሩ እንሂድ። ማንኛውም ኮምፒውተር ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባዮስ፣ በአዲሶቹም ላይ ዩኢኤፍአይ የሚባለው አነስተኛ ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ከየት እንደሚያገኝ በተራ ይፈልጋል፤ ከሃርድ ዲስክ፣ ከፍላሽ፣ ከሲዲ፣ ወይም ከኔትወርክ ካርድ። የመጨረሻው አማራጭ የሚመራበት ስምምነት ፒኤክስኢ ይባላል። ኢንቴል ኩባንያ የዚህን ስምምነት 2.1ኛ እትም በ1999 እ.ኤ.አ. አውጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ ለቢሮ ተብለው የተሠሩ ዴስክቶፖች በአብዛኛው ይህ ችሎታ አላቸው። የእናንተዎቹም ሳይኖራቸው አይቀርም፤ ባዮሱ ውስጥ ገብቶ በኔትወርክ መነሳትን መፍቀድና በቅድሚያ ተራ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

የኔትወርክ ካርዱ ሥራ ሲጀምር አይፒ አድራሻ (በኔትወርኩ ላይ የሚለይበት ቁጥር) የለውም፤ ሰርቨሩ የት እንዳለም አያውቅም። የሚያውቀው ፋብሪካው የሰጠውን ማክ አድራሻ ብቻ ነው። ስለዚህ በኔትወርኩ ላይ ላሉት ሁሉ፣ አድራሻ የሚሰጠውና የሚነሳበትን ፋይል የሚጠቁመው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ መልእክት ይበትናል። ይህን የሚመልሰው ዲኤችሲፒ የተባለው አገልግሎት ነው። መልሱ ሦስት ነገሮችን ይይዛል፤ የአይፒ አድራሻ፣ ፋይሉ የሚገኝበት ሰርቨር አድራሻ እና የፋይሉ ስም። ሁለተኛውና ሦስተኛው በዲኤችሲፒ ቅንብር ውስጥ ብዙውን ጊዜ አማራጭ 66 እና አማራጭ 67 በሚባሉት ቦታዎች ይሞላሉ። ከዚያ ካርዱ ቲኤፍቲፒ በተባለው የፋይል ማስተላለፊያ አማካይነት ትንሿን የማስነሻ ፕሮግራም ያወርዳል። ቲኤፍቲፒ በ1981 እ.ኤ.አ. ደንቡ የተጻፈለት፣ የይለፍ ቃልም ሆነ የፋይሎች ዝርዝር የማያውቅ እጅግ ቀላል ነገር ነው፤ ቀላልነቱ ግን በካርዱ ላይ ባለችው ጠባብ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ እንዲገባ አስችሎታል። የወረደችው ፕሮግራም በተራዋ ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከርነል (እምብርቱን) ታመጣለች፤ ከርነሉም ከተነሳ በኋላ የቀረውን ሲስተም ኤንኤፍኤስ በተባለው የፋይል መጋሪያ በኩል በሰርቨሩ ላይ እንዳለ ይከፍተዋል። ከዚህ በኋላ ኮምፒውተሩ ዲስክ እንዳለው ሆኖ ይሠራል፤ ፕሮግራሞቹን የሚያስኬደውም በራሱ ፕሮሰሰርና በራሱ ራም ነው።

ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ደግመን ማንሳት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሁሉም ሥራ በሰርቨሩ ላይ የሚከናወን ይመስለዋል። እንደዚያ የሚሠሩም ነበሩ፤ አሁንም አሉ። በ1999 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ኤልቲኤስፒ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር መጀመሪያ ያገለግል የነበረው ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ በሆኑ ደካማ ኮምፒውተሮች ሲሆን፣ ፕሮግራሞቹ በሙሉ በሰርቨሩ ላይ ይሠሩ ስለነበር ሰርቨሩ በጣም ውድ መሆን ነበረበት። በ2019 እ.ኤ.አ. እንደ አዲስ ከተጻፈ ወዲህ ግን ዋናው መንገድ እያንዳንዱ ኮምፒውተር በራሱ ጉልበት እንዲሠራ ማድረግ ነው። ለትምህርት ቤትዎ የምንመክረውም ይህንኑ ኤልቲኤስፒን የሊኑክስ ዓይነቶች ከሆኑት ከኡቡንቱ ወይም ከዴቢያን ጋር ነው።

አደረጃጀቱ እንዲህ ነው። ሰርቨሩ ላይ ኡቡንቱን እንደ ማንኛውም ኮምፒውተር ይጭናሉ፤ ተማሪዎች የሚያስፈልጓቸውን ፕሮግራሞች ሁሉ፣ ሊብሬኦፊስን፣ የሒሳብና የፊዚክስ መለማመጃዎችን፣ የአማርኛ ኪቦርድንና የግዕዝ ፊደል ፎንቶችን በዚያው ላይ ይጭናሉ። ቀጥሎ አንድ ትእዛዝ ሲሰጡት ኤልቲኤስፒ ይህን ሁሉ ጨምቆ አንድ ኢሜጅ (የሲስተሙን ሙሉ ቅጂ የያዘ አንድ ፋይል) ያደርገዋል፤ 30ዎቹም ኮምፒውተሮች የሚነሱት ከዚሁ ኢሜጅ ነው። በሌላ ጊዜ አዲስ ፕሮግራም መጨመር ቢፈልጉ ሰርቨሩ ላይ ብቻ ጭነው ኢሜጁን ያድሳሉ፤ በማግሥቱ ሁሉም ኮምፒውተሮች አዲሱን ይዘው ይነሳሉ። 30 ኮምፒውተር አንድ በአንድ ፎርማት ሲያደርግ የከረመ መምህር የዚህን ዋጋ ያውቃል።

ኢሜጁ ለንባብ ብቻ የሚከፈት ስለሆነ ተማሪ ሊያበላሸው አይችልም። ዴስክቶፑን ቢያመሰቃቅል ወይም ቅንብር ቢቀይር ለውጡ የሚጻፈው በኮምፒውተሩ ራም ላይ በሚዘረጋ ጊዜያዊ ሽፋን ላይ ነው፤ አጥፍቶ ሲያበራው እንደነበረ ይመለሳል። የተማሪው የራሱ ፋይሎች ግን አይጠፉም፤ በስሙና በይለፍ ቃሉ ሲገባ በሰርቨሩ ላይ ያለው የግል ማኅደሩ ይከፈትለታል፤ የትኛውም ኮምፒውተር ላይ ቢቀመጥ የራሱን ሥራ ያገኛል። መብራት በድንገት ሲሄድም ዲስክ ስለሌላቸው የሚበላሽ ሲስተም የላቸውም፤ የሚጠፋው በዚያች ቅጽበት ሴቭ ያልተደረገው ጽሑፍ ብቻ ነው።

ሰርቨሩ ግን ዲስክ አለው፤ የመብራቱ ነገር እሱን ይመለከተዋል። ለዚህ ነው ያላችሁን ጥቂት ገንዘብ ለ30 ዲስክ ከመበተን ይልቅ በአንድ ቦታ እንድታጠራቅሙት የምናሳስበው። ሰርቨሩ ለሰርቨርነት የተሠራ ውድ ዕቃ መሆን የለበትም፤ ቢያንስ 8፣ ቢቻል 16 ጊጋባይት ራም፣ ኤስኤስዲ ዲስክና የጊጋቢት ኔትወርክ ካርድ ያለው ደህና ዴስክቶፕ ይበቃል። በተጨማሪ ኬብሎቹ ሁሉ የሚገናኙበት የጊጋቢት ስዊችና፣ ሰርቨሩንና ስዊቹን ብቻ የሚሸከም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ያስፈልጋችኋል። ዩፒኤሱ መብራት ከጠፋ በኋላ ትምህርቱን ለማስቀጠል አይደለም፤ ሰርቨሩ በሥርዓት እንዲዘጋ ጊዜ ለመስጠት ነው። ተቀባዮቹ ኮምፒውተሮች 2 ጊጋባይት ራም ካላቸው ይነሳሉ፤ የዛሬ የኢንተርኔት ገጾች ግን ራም ስለሚበሉ 4 ጊጋባይት ቢሆን ይመረጣል። ከ30ዎቹ የአንዳንዶቹን ራም ነቅሎ ለሌሎች መስጠት፣ የቀሩት በደንብ እንዲሠሩ ማድረግ፣ 30ውንም እያዘገሙ ከማቆየት ይሻላል የሚል አስተያየት አለን።

የዚህ አሠራር ትልቁ ጉድለት ግልጽ ነው፤ ሰርቨሩ ቢሞት የኮምፒውተር ክፍሉ (ላቡ) በሙሉ ይሞታል። ስለዚህ ኢሜጁንና የተማሪዎቹን ማኅደር በየሳምንቱ ወደ ውጫዊ ዲስክ መቅዳት፣ ከኮምፒውተሮቹም አንዱን ሰርቨሩን ሊተካ በሚችል መልኩ አዘጋጅቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ይገባል። ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ ያልሆነ ትምህርት ቤት ሥራውን ባይጀምረው እንመርጣለን።

ጥያቄ፦ የምሠራው ጅማ በሚገኝ ኮሌጅ ነው። ኤልቲኤስፒን ጭነን ኮምፒውተሮቹን ስናበራ አንዳንዶቹ ፒኤክስኢ-ኢ53፣ ሌሎቹ ፒኤክስኢ-ኢ51 የሚል ጽሑፍ አሳይተው ይቆማሉ። የሚገርመው አንዳንድ ቀን ደግሞ ያለ ችግር ይነሳሉ። በዚያው ኔትወርክ ላይ ኢንተርኔት የሚሰጠን ራውተር አለ። ችግሩ ምን ይሆን?

መልስ፦ ሁለቱ ቁጥሮች የተለያየ ነገር ስለሚናገሩ ለየብቻ እንያቸው። ኢ51 ማለት ካርዱ አድራሻ ጠይቆ ማንም አልመለሰለትም ማለት ነው። ኢ53 ግን መልስ አግኝቷል፤ አድራሻም ተሰጥቶታል፤ ሆኖም በመልሱ ውስጥ የሚነሳበት ፋይል ስም የለም። ከደብዳቤዎ እንደምንረዳው ሁለተኛውን የሚያመጣው ራውተራችሁ ነው። እሱም ዲኤችሲፒ ስላለው ለጥያቄው ከሰርቨሩ ጋር ተሽቀዳድሞ ይመልሳል፤ ቀድሞ የደረሰው መልስ የእሱ ከሆነ ኮምፒውተሩ አድራሻ ይዞ መንገድ ይጠፋዋል። አንዳንድ ቀን የሚሠራውም በእሽቅድምድሙ ሰርቨሩ የቀደመ ጊዜ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። የመጀመሪያው የራውተሩን ዲኤችሲፒ አጥፍቶ አድራሻ የማደሉን ሥራ ሙሉ በሙሉ ለሰርቨሩ መስጠት ነው። ይህ ንጹሕ መንገድ ቢሆንም፣ ሰርቨሩ በተበላሸ ቀን የመላው ቢሮ ኢንተርኔት አብሮ ስለሚቆም ወይም ራውተሩን የመክፈት ፈቃድ ስለማይኖራችሁ ላይመች ይችላል። ሁለተኛውና ለእናንተ የምንመርጠው ፕሮክሲ ዲኤችሲፒ የሚባለው ነው። በዚህ አሠራር ራውተሩ አድራሻ ማደሉን ይቀጥላል፤ ሰርቨሩ አድራሻ ሳይሰጥ፣ በፒኤክስኢ ለሚጠይቁ ኮምፒውተሮች ብቻ የማስነሻውን ሰርቨርና ፋይል ይጠቁማል። ኮምፒውተሩ ሁለቱን መልሶች አጣምሮ ይጠቀምባቸዋል። ከኤልቲኤስፒ ጋር የሚሠራው ዲኤንኤስማስክ የተባለው ፕሮግራም ይህን ይችላል፤ በቅንብሩ ውስጥ ለኔትወርካችሁ በተጻፈው መስመር ላይ ፕሮክሲ የሚለውን ቃል ማስገባት ይበቃል። በሰርቨሩ ላይ ፋየርዎል (ከኔትወርክ የሚመጣውን የሚያግድ ፕሮግራም) ካለ የዩዲፒ ፖርት 67፣ 69 እና 4011 ክፍት መሆናቸውን ያረጋግጡ። ፖርት 69 ከተዘጋ ኢ32 የሚል ሌላ ቁጥር ያያሉ፤ ትርጉሙም ቲኤፍቲፒ አልመለሰም ማለት ነው።

ኢ51ን በተመለከተ መጀመሪያ ኬብሉን፣ ቀጥሎ ስዊቹን ይመልከቱ። ኬብሉ ጭራሽ ያልተሰካ ወይም የተበጠሰ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ኢ61 የሚል ይታያል፤ ስለዚህ በእናንተ ዘንድ የበለጠ የምንጠረጥረው ስዊቹን ነው። ኮሌጆች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙባቸው ማኔጅድ ስዊቾች (ቅንብራቸው ሊቀየር የሚችል ስዊቾች) ኬብሎች ተጠላልፈው ዙር እንዳይፈጥሩ የሚከላከል ስፓኒንግ ትሪ የተባለ ሥርዓት አላቸው። በነባሩ አሠራር አንድ ኮምፒውተር ሲበራ ስዊቹ ያንን ቀዳዳ ለ15 ሴኮንድ ያደምጣል፣ ለሌላ 15 ሴኮንድ ይማራል፤ ለ30 ሴኮንድ ያህል ምንም አያሳልፍም ማለት ነው። አንዳንድ የኔትወርክ ካርዶች ደግሞ ከዚያ በፊት ተስፋ ቆርጠው ይተዋሉ። ኮምፒውተሮች በሚሰኩባቸው ቀዳዳዎች ላይ በሲስኮ ስዊቾች ፖርትፋስት የሚባለውን ቅንብር ሲያበሩ ይህ የ30 ሴኮንድ መጠበቅ ይቀራል። ከስዊች ወደ ስዊች በሚሄደው ኬብል ላይ ግን አያብሩት፤ ኬብል በስህተት ዙር ከሠራ ኔትወርኩ በሙሉ ይቆማል።

ሌላ አንድ ነገር እንጨምር። ኮምፒውተሮቻችሁ የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ከሆኑ አንዳንዶቹ በባዮስ፣ አንዳንዶቹ በዩኢኤፍአይ ይነሳሉ፤ ለሁለቱ የሚሰጠው የማስነሻ ፋይል አንድ አይደለም። ለዩኢኤፍአይ የባዮሱን ፋይል ብትሰጡት ያወርደዋል፤ ከዚያ ግን ምንም ሳይናገር ወደ ቀድሞው ገጽ ይመለሳል። ኮምፒውተሩ ሲጠይቅ የትኛው ዓይነት እንደሆነ በአማራጭ 93 ስለሚናገር ሰርቨሩ ያንን አንብቦ ለእያንዳንዱ ተገቢውን እንዲሰጥ ማድረግ ይቻላል።

ጥያቄ፦ ላባችን ይሠራል፤ ግን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተማሪዎቹ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሲያበሩ ዴስክቶፑ እስኪመጣ የክፍለ ጊዜው ሩብ ያልቃል። አንድ ብቻውን ሲበራ ግን ወዲያው ይነሳል። የበለጠ ኃይለኛ ሰርቨር እንግዛ?

መልስ፦ አይግዙ፤ መጀመሪያ ሒሳቡን ይሥሩ። አንድ ኮምፒውተር ተነስቶ ዴስክቶፑን እስኪያሳይ ከኢሜጁ 300 ሜጋባይት ያህል ያነባል እንበል። 30 ኮምፒውተሮች በአንድነት 9000 ሜጋባይት ይጠይቃሉ። የሰርቨሩ መስመር 100 ሜጋቢት ከሆነ በሴኮንድ የሚያሳልፈው ቢበዛ 12.5 ሜጋባይት ስለሆነ ይህን ለማድረስ 720 ሴኮንድ፣ ማለትም 12 ደቂቃ ይወስድበታል። መስመሩ ጊጋቢት ቢሆን ግን በሴኮንድ እስከ 125 ሜጋባይት ያሳልፋልና ያው ሥራ በ72 ሴኮንድ ያልቃል፤ በተግባር ትንሽ ይጨምራል። አሁን ያላችሁት ሠላሳ ባልዲ በአንድ ቦኖ እንደማሰለፍ ነው፤ የሰርቨሩ ፕሮሰሰር ኃይለኛ መሆን ወረፋውን አያሳጥረውም።

እንግዲህ የሚመረመረው በሰርቨሩና በስዊቹ መካከል ያለው አንዲት ኬብል ናት። ብዙ ርካሽ ስዊቾች 24 የ100 ሜጋቢት ቀዳዳዎችና በዳር በኩል ሁለት የጊጋቢት ቀዳዳዎች አሏቸው። ሰርቨሩ ከጊጋቢቶቹ በአንዱ መሰካት ሲገባው ከተራዎቹ በአንዱ ተሰክቶ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። የተማሪዎቹ ኮምፒውተሮች በ100 ሜጋቢቱ ላይ ቢሆኑ ግድ የለም፤ እያንዳንዳቸው የሚፈልጉት የራሳቸውን ድርሻ ብቻ ነውና። ቀዳዳው ትክክል ሆኖ ፍጥነቱ አሁንም 100 ከሆነ የኬብሉን ጫፍ ይዩት። የ100 ሜጋቢት ኔትወርክ ከስምንቱ ሽቦዎች አራቱን ብቻ ስለሚጠቀም አንዳንድ ሠራተኞች አራቱን ብቻ ያስራሉ፤ ወይም ስምንቱን አስረው አንዱ በደንብ ሳይነካ ይቀራል። ጊጋቢት ግን ስምንቱንም ይፈልጋል፤ አንዱ ከጎደለ መሣሪያዎቹ ወደ 100 ሊወርዱ ወይም ጭራሽ ላይገናኙ ይችላሉ።

ሰርቨሩ ላይ ገንዘብ ማውጣት ካሰባችሁ ራም ጨምሩለት። 30ው ኮምፒውተር የሚያነበው ያንኑ ኢሜጅ ስለሆነ፣ ራሙ በቂ ከሆነ ሊኑክስ የመጀመሪያው ጠያቂ ያስነበበውን በራም ይዞ ለቀሩት ከዲስኩ ሳይሆን ከዚያው ያድላቸዋል። በቲኤፍቲፒ የሚወርደውን ክፍል ማሳጠርም ይረዳል፤ በነባሩ አሠራር ቲኤፍቲፒ ፋይሉን 512 ባይት እየቆራረጠ ይልካል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ መድረሱ ሳይረጋገጥለት ቀጣዩን አይልክም። አይፒኤክስኢ የተባለው ነፃ የማስነሻ ፕሮግራም እሱ ራሱ ብቻ በቲኤፍቲፒ ወርዶ ከርነሉንና የቀረውን በኤችቲቲፒ ማምጣት ይችላል፤ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ያለ ይለፍ ቃል የሚሠራ ከሆነ አንድ ተንኮለኛ ተማሪ ላፕቶፑን ሰክቶ የራሱን ነገር ለሌሎቹ ሊልክባቸው አይችልም?

መልስ፦ ይችላል። ካርዱ የሚያምነው ቀድሞ የመለሰለትን ነው፤ ማን እንደሆነ የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም። ስለዚህ የላቡን ኔትወርክ ከአስተዳደሩና ከፈተና ክፍሉ ኔትወርክ መለየት፣ ማኔጅድ ስዊች ካለ ከሰርቨሩ ቀዳዳ በቀር ከሌላ የሚመጣ የዲኤችሲፒ መልስ እንዳይተላለፍ መከልከል፣ ትርፍ ቀዳዳዎችን መዝጋት፣ የባዮሱን ገጽም በይለፍ ቃል መቆለፍ ያስፈልጋል። በአዲሶቹ ኮምፒውተሮች ላይ ሴኪዩር ቡት ሲበራ ፊርማ የሌለው የማስነሻ ፋይል አይነሳም፤ በዚህ ጊዜ የራሳችሁም ፋይል የተፈረመ መሆን እንዳለበት አይርሱ። የተማሪ ውጤት የሚመዘገብባቸው ኮምፒውተሮች በዚህ ዓይነት ላብ ውስጥ ባይገቡ ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ የኮምፒውተር ጌም ቤት አለኝ። 15 ኮምፒውተሮች አሉኝ። አንድ ጌም አፕዴት በወጣ ቁጥር 15 ጊዜ ማውረድ አሰልቺም ውድም ሆኖብኛል። እናንተ የምትናገሩት ስለ ሊኑክስ ነው፤ ዊንዶውስን በኔትወርክ ማስነሳት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ በቻይናና በቬትናም ያሉ በርካታ የኢንተርኔትና የጌም ካፌዎች የሚሠሩትም በዚህ መንገድ ነው። ዊንዶውስ ግን እንደ ሊኑክስ በኤንኤፍኤስ አይነሳም። የሚጠቀመው አይስካዚ የተባለውን ነው፤ ይህ በሰርቨሩ ላይ ያለን ዲስክ በኔትወርክ በኩል ኮምፒውተሩ ውስጥ የተገጠመ አስመስሎ የሚያቀርብ ሥርዓት ነው። አይፒኤክስኢ ይህን ዲስክ አገናኝቶ ዊንዶውስን ከእሱ ያስነሳል። ዋናው ዲስክ አንድ ሆኖ እያንዳንዱ ኮምፒውተር የሚጽፈው ለብቻው በተያዘለት ትርፍ ቦታ ላይ ይሆናል፤ ሲጠፋም ይሰረዛል። ስለዚህ አፕዴቱን አንድ ጊዜ ብቻ ያወርዱታል።

ሆኖም ለእርስዎ ሁኔታ ሦስት ነገሮችን እንድታመዛዝኑ እንሻለን። የመጀመሪያው ፍጥነት ነው፤ ጌም ሲከፈት የሚነበበው ነገር ከሰነድ መጻፊያ ጋር አይወዳደርም፤ ለሰርቨሩ ፈጣን ኤስኤስዲና ከአንድ በላይ የጊጋቢት መስመር ወይም የ10 ጊጋቢት ካርድ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ፈቃድ ነው፤ ኢሜጁ አንድ መሆኑ የዊንዶውስ ፈቃዱን አንድ አያደርገውም፤ ለ15 ኮምፒውተር 15 ፈቃድ ነው የሚጠየቀው። ሦስተኛው ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ ድጋፉ የተቋረጠ መሆኑና፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ የሚጠይቅ መሆኑ ነው። የቆዩ ኮምፒውተሮች ይህ ቺፕ የላቸውምና አስቀድመው ይፈትሹ። በኮምፒውተሮቹ ውስጥ ደህና ዲስኮች ካሉ ሲስተሙን በየዲስኩ ላይ ትቶ፣ የጌሞቹን ፋይሎች ብቻ በአንዱ ላይ አውርዶ በኔትወርክ ወደ ሌሎቹ መቅዳት የኢንተርኔት ወጪዎን ያስቀርልዎታል፤ በእኛ ግምት ለ15 ኮምፒውተር ይህ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ለተማርንበት ትምህርት ቤት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ልንልክ ነው። እንዲህ ባለ ላብ ውስጥ እንዲያገለግሉ ስንመርጥ ምን እንይ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የኃይል ማቅረቢያውን፣ ፓወር ሰፕላይ የሚባለውን ይዩ። በአሜሪካ ያለው መብራት 120 ቮልት፣ በኢትዮጵያ ያለው 220 ቮልት ነው። አዲሶቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ራሳቸው ይቀበላሉ፤ የቆዩት ግን በጀርባቸው 115 እና 230 የሚል ትንሽ፣ ብዙውን ጊዜ ቀይ ማብሪያ አላቸው። 115 ላይ እንዳለ አገር ቤት ሲሰካ ወዲያው ይቃጠላል። ማብሪያውን ሳትልኩት በፊት ወደ 230 ገፍታችሁ በፕላስተር አሽጉት። ማብሪያም የሌለው፣ በላዩ ላይም 115 ብቻ የሚል ከሆነ አትላኩት።

ቀጥሎ የኬብል ኔትወርክ ቀዳዳ ያለው ዴስክቶፕ ይሁን፤ ቀጫጭን ላፕቶፖች ብዙዎቹ ይህ ቀዳዳ የላቸውም። የባዮስ ይለፍ ቃል ካለው ሰጪው መሥሪያ ቤት እንዲያጠፋው አድርጉ፤ አገር ቤት ከደረሰ በኋላ የሚከፍተው ማግኘት ያስቸግራል። እዚያው ሳላችሁ በኔትወርክ መነሳትን አብሩት፤ የእያንዳንዱን ማክ አድራሻም ጽፋችሁ ሳጥኑ ላይ ለጥፉ፤ መምህሩ ለእያንዳንዱ ስም ሲሰጥ ያመሰግናችኋል። በመጨረሻም በሳጥኑ ውስጥ ቦታ ካነሰ አምስት ኮምፒውተር ቀንሳችሁ አንድ ባለ 24 ቀዳዳ የጊጋቢት ስዊችና የተወሰኑ ተጨማሪ ራሞች ክተቱበት። ስዊች የሌለው ላብ ኮምፒውተሩ ምንም ቢበዛ አይነሳም።

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ ትንሽ የሒሳብ አያያዝ ቢሮ አለን። አምስት ኮምፒውተሮች በዋይፋይ ይሠራሉ። ይህ አሠራር ለእኛ ይጠቅማል?

መልስ፦ አይጠቅማችሁም። ፒኤክስኢ የተሠራው ለኬብል ነው፤ በተለመዱት ኮምፒውተሮች ላይ በዋይፋይ አይሠራም። ኬብል ብትዘረጉም አምስት ኮምፒውተር ለሰርቨርና ለዩፒኤስ የሚወጣውን ገንዘብ አያካክስም፤ ሰርቨሩ በተበላሸ ቀን ደግሞ አምስታችሁም ቁጭ ትላላችሁ። ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር አነስተኛ ኤስኤስዲ ግዙ፤ ተመሳሳይ ከሆኑ አንዱን ከነፕሮግራሞቹ አዘጋጅታችሁ ክሎንዚላ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ወደ ውጫዊ ዲስክ ቅዱት። አንዱ ሲበላሽ ክሎንዚላን በፍላሽ አስነስታችሁ ቅጂውን ትመልሱበታላችሁ። የደንበኞቻችሁን የሒሳብ ፋይሎች ግን ከዚህ ቅጂ ለይታችሁ በየቀኑ ሌላ ቦታ አስቀምጡ፤ ቅጂው ሲመለስ ዲስኩ ላይ የነበረውን ሁሉ ይደመስሳልና።